ቀይና ቢጫ፦ የቬትናም ባንዲራዎች ታሪክ

እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ዲሲ አጠገብ ፎልስ ቸርች ያለውን ኤደን ሴንተር ታውቁታላችሁ። የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ነው። ፎ ልትበሉ ወይም ቅጠላ ቅጠል ልትገዙ ሄዳችሁ ይሆናል። በሚቀጥለው ስትሄዱ ከመኪና እንደወረዳችሁ ቀና በሉ። ሁለት ባንዲራ ታያላችሁ። አንዱ የአሜሪካ ነው። ሌላው ቢጫ ነው፤ መሃሉ ላይ አግድም የተሰመሩ ሦስት ቀያይ መስመሮች አሉት።

ያንን ባንዲራ መጀመሪያ ያየሁ ቀን የቬትናም ነው ብዬ በስልኬ ፈለግኩ። ስልኬ ያወጣልኝ ሌላ ነበር። ዙሪያውን ቀይ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ቢጫ ኮከብ። ታዲያ ይሄኛው የማን ነው? ከ1975 ጀምሮ በካርታ ላይ የሌለው የደቡብ ቬትናም መንግሥት ባንዲራ ነው። መንግሥቱ ከፈረሰ 50 ዓመት ሞላው። ባንዲራው ግን እዚሁ፣ እኛ ሰፈር ይውለበለባል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚህ ሁለት ባንዲራዎችና አብረዋቸው ስለሚነሱ ሰንደቆችና ዓርማዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ። ሁለቱን ባንዲራዎች በሐሳባችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ቀይና ቢጫ ነው። ሌላውም ቢጫና ቀይ። ሌላ ቀለም የላቸውም። ሃያ ዓመት ሲዋጉ የኖሩ ሁለት ወገኖች ባንዲራቸውን የሰፉት ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ነው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነገር ነው።

ከሩቁ ልጀምር። ቬትናም ውስጥ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። በ10ኛው መቶ ዘመን ዲን ቦ ሊን የሚባል ልጅ ነበር። ከእረኛ ጓደኞቹ ጋር ጎሽ ይጠብቃል። ልጆቹ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ባንዲራ የላቸውም። ስለዚህ ነጭ አበባ ያወጣ ሸምበቆ ይቆርጡና እሱን እንደ ሰንደቅ ይይዙታል። ዲን ቦ ሊንን ደግሞ እጃቸውን አጠላልፈው ይሸከሙታል፤ አለቃቸው ነዋ። ይህ ልጅ ሲያድግ አገሩን የተከፋፈሉትን 12 የጦር አበጋዞች አንድ በአንድ አሸነፈ። በ968 ሁዋ ሉ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። እስከ ዛሬ በሁዋ ሉ በዓል ላይ ልጆች ሸምበቆ ይዘው ያንን ጨዋታ ይጫወቱታል። የቬትናም የባንዲራ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ሸምበቆ ነው።

ሁለተኛው የትራን ኩዎክ ቶዋን ታሪክ ነው። ዘመኑ ሞንጎሎች ቻይናን ይዘው ወደ ደቡብ የሚገፉበት ነው። በ1282 ንጉሡ መሳፍንቱን ቢን ታን ላይ ለምክር ሰበሰበ። ቶዋን የንጉሡ ዘመድ ነው፤ ግን ገና ልጅ ስለሆነ ምክሩ ውስጥ አላስገቡትም። እጁ ላይ ብርቱካን ነበረች። በንዴት ጨበጣት። እጁን ሲከፍት ብርቱካኗ ተጨፍልቃለች። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሺህ በላይ ዘመድና አሽከር ሰበሰበ። መሣሪያና ጀልባ አዘጋጀ። ባንዲራው ላይም ስድስት ፊደል አስጠለፈ። ፍቺው በግርድፉ «ብርቱውን ጠላት ሰብረን የንጉሣችንን ውለታ እንመልስ» የሚል ነው። በ1285ቱ ጦርነት በዚያ ባንዲራ ሥር ዘመተ።

ይህን ባንዲራ ልብ በሉት። ቀለሙን ማንም አያነሳም። የሚወራው ስለ ጽሑፉ ነው። በዚያ ዘመን የአገር ባንዲራ የሚባል ነገር አልነበረም። የጦር አለቃ ባንዲራ አለው፤ ንጉሥ ባንዲራ አለው፤ መንደር የበዓል ባንዲራ አለው። የበዓሉን ባንዲራ ዛሬም ቬትናም ብትሄዱ በየቤተ መቅደሱ ደጅ ታዩታላችሁ። አራት ማዕዘን ነው። መሃሉ ላይ አንድ ካሬ አለ፤ እሱን በሌላ ቀለም ሌላ ካሬ ይከበዋል፤ እንዲህ እያለ አምስት ቀለም ይሆናል። አምስቱ ቀለሞች የአምስቱ ጠባያት ናቸው፦ ብረት፣ እንጨት፣ ውሃ፣ እሳት፣ አፈር። ጠርዙ እንደ እሳት ምላስ ተቆራርጧል።

በዚህ አቆጣጠር ቢጫ የአፈር ቀለም ነው፤ አቅጣጫውም መሃል ነው። መሃል ላይ የሚቀመጠው ንጉሥ ነውና ቢጫ የንጉሥ ሆነ። ቀይ ደግሞ እሳት ነው፤ አቅጣጫውም ደቡብ። የአገሩ ስም መጨረሻ፣ ናም የሚለው፣ ትርጉሙ ደቡብ ነው። ቀይና ቢጫ እንግዲህ ፓርቲ ሳይኖር፣ ፈረንሳይ ሳይመጣ በፊት የነበሩ ቀለሞች ናቸው።

በ1802 ጊያ ሎንግ አገሩን ከጫፍ ጫፍ አንድ አድርጎ የንጉየንን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ዋና ከተማውን መሃል አገር ሁዌ ላይ አደረገ። በ1807 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ በምሽጉ ግንብ ላይ፣ ሦስት እርከን ያለው የባንዲራ ማማ አሠራ። ይህን ማማ አትርሱት፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ሃኖይ ላይም ሌላ ማማ ተሠራ፤ በ1812 ያለቀ፣ 33 ሜትር ከፍታ ያለው። ፈረንሳዮች በኋላ የሃኖይን ምሽግ ሲያፈርሱ ማማውን ለቅኝት ስለፈለጉት ተዉት። ዛሬም ቆሟል።

የአገር ዓርማ የሚባለውስ? በዚያ ዘመን በወረቀት የሚታተም ዓርማ አልነበረም። ግን ሚን ማንግ የሚባለው ንጉሥ፣ የጊያ ሎንግ ልጅ፣ ከ1835 እስከ 1837 ዘጠኝ ትላልቅ የነሐስ ጋኖች አስቀለጠ። በላያቸው 162 ምስል ተቀርጿል። ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ባሕር አለ። ሩዝ አለ፣ አበባ አለ፣ ዝሆን አለ። መድፍና መርከብም አለ። ጋኖቹ ዛሬም ሁዌ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ቆመዋል። እኔ የቬትናም የመጀመሪያው ብሔራዊ ዓርማ ይሄ ነው ባይ ነኝ። አገሩ ያለውን ሁሉ በነሐስ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓርማዎች በሙሉ ከዚህ ጋር ሲወዳደሩ በጣም ያንሳሉ።

ከዚያ ፈረንሳይ መጣ። ንጉሡ በስም ቀረ፣ ሥልጣኑ ሄደ። ባንዲራውም እንደዚያው ሆነ። የኢንዶቻይና ባንዲራ ቢጫ ሆኖ፣ ከላይ በግራ ጥጉ የፈረንሳይ ሦስት ቀለም ገባበት። የንጉሡ የራሱ ባንዲራ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ነበረው።

ቀዩ ባንዲራ የወጣው ከደቡብ ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 1940 ሌሊት በደቡብ ቬትናም በፈረንሳይ ላይ አመፅ ተነሳ። በዚያ አመፅ ነው ቢጫ ኮከብ ያለው ቀይ ባንዲራ መጀመሪያ የተውለበለበው። አመፁ ከሸፈ። የተያዙት ተገደሉ። ባንዲራውን ሣለ ተብሎ ስሙ የሚነሳው ንጉየን ሁ ቲየን በኦገስት 28 ቀን 1941 ከጓዶቹ ጋር ተረሸነ። ሌላ ስምም ይነሳል፤ ሌ ኩዋንግ ሶ የሚባል የሚ ቶ ሰው። የሁለቱ ስም ቬትናም ውስጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ትርጓሜው ግን አያከራክርም። ቀዩ ደም ነው። ቢጫው የቆዳችን ቀለም ነው። አምስቱ የኮከቡ ጫፎች ምሁሩ፣ ገበሬው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ወታደሩ ናቸው። «ቀይ ደም፣ ቢጫ ቆዳ» የምትለዋን ያዙልኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1944፣ በቻይና ድንበር አጠገብ ካኦ ባንግ ጫካ ውስጥ 34 ሰዎች ተሰለፉ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አለቃቸው ቮ ንጉየን ጂያፕ የሚባል የቀድሞ የታሪክ መምህር ነው። በቀዩ ባንዲራ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የዛሬው የቬትናም ጦር ልደቱን የሚያከብረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በዚያው ሳምንት ሁለት የፈረንሳይ ኬላ ያዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ጂያፕ ዲየን ቢየን ፉ ላይ የፈረንሳይን ጦር አሸነፈ።

1945 የባንዲራዎች ዓመት ነው። በማርች ጃፓን ፈረንሳይን አባረረ። ንጉሥ ባኦ ዳይ ነፃነት አወጀ። አዲሱ መንግሥት በጁን አዲስ ባንዲራ አወጣ፦ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ «ሊ» የሚባለው የጥንት የጥንቆላ ምልክት በቀይ አለበት። ከላይና ከታች ሙሉ መስመር፣ መሃሉ ላይ የተቆረጠ መስመር ነው። ፍቺውን መገመት ትችላላችሁ፤ እሳት ነው፣ ደቡብም ነው። ይህ ባንዲራ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። በኦገስት ጃፓን እጅ ሰጠ፤ ቬት ሚን፣ ሆ ቺ ሚን የሚመራው የኮሚኒስቶቹ የነፃነት ንቅናቄ፣ ተነሳ። ኦገስት 30 ቀን ባኦ ዳይ በሁዌ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆሞ ዙፋኑን ለቀቀ። የወርቅ ማኅተሙንና ሰይፉን አስረከበ። ከማማው ላይ ቢጫው ወረደ፣ ቀዩ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ሆ ቺ ሚን ሃኖይ ባ ዲን አደባባይ ላይ ነፃነት አወጀ። ሴፕቴምበር 5 ቀን ባንዲራው በአዋጅ ጸና።

በሚቀጥለው ዓመት በአገሩ ሕግ አውጪ ጉባኤ ውስጥ ባንዲራው ይለወጥ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ሆ ቺ ሚን የመለሰው መልስ ተመዝግቧል። ይህ ባንዲራ በደቡብ በሞቱት ሰዎች ደም ተነክሯል፣ ከ25 ሚሊዮኑ ሕዝብ በቀር ሊለውጠው መብት ያለው የለም አለ። የ1946ቱ ሕገ መንግሥትም አጸናው። ከዚያ ወዲህ የተነካው ኮከቡ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮከብ ወፈር ያለ ነበር። በ1955 ጎኖቹ ቀጥ ብለው ቀጠን እንዲል ተደረገ።

አሁን ወደ ኤደን ሴንተሩ ባንዲራ እንምጣ። ፈረንሳይ ተመልሶ መጥቷል፤ ጦርነት ነው። ከቬት ሚን ጋር ያልቆሙ ቬትናሞች የራሳቸውን መንግሥት አቋቋሙ። ጁን 2 ቀን 1948 ሌ ቫን ዴ የሚባል ሠዓሊ ያዘጋጀው ባንዲራ ጸደቀ። የንጉሡ ቢጫ መሬት እንዳለ ቀረ። ቀዩ ግን ሦስት መስመር ሆነ፦ ሰሜን፣ መሃል አገር፣ ደቡብ። ሦስቱ በአንድ መሬት ላይ። ፍቺውን ከዚያ ወገን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ቢጫው ቆዳችን ነው፣ ቀዩ ደማችን ነው ይሏችኋል።

ይህን ስሰማ በጣም ደነገጥኩ። ቃል በቃል ያው ነው። ሁለት ወገን በአንድ ዘመን እየተጋደሉ ስለ ሁለት ባንዲራ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ። ሁለቱም ደግሞ ስለ አንድነት ነው የሚያወሩት። የቀዩ ባንዲራ ኮከብ አንድ ነው። የቢጫው ባንዲራ ሦስት መስመርም ክፍለ አገሮቹ አንድ ናቸው ለማለት ነው። እኛ በባንዲራ ጉዳይ እዚህ ዲሲ ውስጥ አዳራሽ ሲጋጋል ያየን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ሳልዘረዝር ይገባችኋል።

በ1954 ጄኔቫ ላይ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ድንበሩ 17ኛው ትይዩ መስመር ሆነ። እዚያ ቤን ሃይ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። በላዩ ሂየን ሉኦንግ የሚባል 178 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ አለ። መሃሉ ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር ተሰመረች። ከመስመሩ ወዲህ 450 ሳንቃ የሰሜን ነው። ከመስመሩ ወዲያ 444 ሳንቃ የደቡብ ነው። የሕንድ፣ የፖላንድና የካናዳ ታዛቢዎች ይመለከታሉ። መተኮስ አይፈቀድም። ምርጫ በ1956 ይደረግና አገሩ ይዋሃዳል ተብሎ ነበር። ምርጫው ሳይደረግ ቀረ።

ስለዚህ በባንዲራ ተዋጉ። ቬትናሞች ዛሬም «የባንዲራ ፍልሚያ» ይሉታል። ሰሜኑ መጀመሪያ የተከለው 12 ሜትር እንጨት ነው። ደቡቡ ከዚያ የሚበልጥ ተከለ። ሰሜኑ ጨመረ። ደቡቡ ጨመረ። በመጨረሻ በ1962 ሰሜኑ 38.6 ሜትር የብረት ምሰሶ አቆመ። በላዩ የተሰቀለው ባንዲራ 134 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ማለት እዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ይበልጣል። ከማዶ ያሉ ዘመዶች ከሩቅ እንዲያዩት ነው። እዚህ ወንዝ ላይ ባል ወዲህ፣ ሚስት ወዲያ የቀሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

ትልቅ ባንዲራ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ነፋሱ ጠርዙን ይበላዋል። ንጉየን ዱክ ላንግ የሚባል የሰሜን ወታደር ነበር። ጠመንጃ ቢኖረውም በዋናነት የሚታወቀው በመርፌ ነው። ለዓመታት የዚያን ምሰሶ ባንዲራ ሰፋ። የአሜሪካ ቦምብ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ምሰሶው ይወድቃል፣ ይተከላል። ባንዲራው ይበሳል፣ ይጣፋል። የመንደሩ እናቶችም ያገኙትን ቁራጭ ጨርቅ እያመጡ ይጥፉ ነበር። ከ1956 እስከ 1967 በዚያ ምሰሶ ላይ 267 ባንዲራ ተሰቅሏል ይላሉ። ድልድዩና ምሰሶው ራሳቸው በ1967 በቦምብ ፈረሱ።

ስለ ቀለሙም ልንገራችሁ፤ ይሄኛው ከሰሜኑ ወገን የሚነገር ነው። ደቡቡ የራሱን ግማሽ ድልድይ ሰማያዊ ይቀባል። ሰሜኑ የራሱንም ሰማያዊ ይቀባል፤ ድልድዩ አንድ ይምሰል ብሎ። ደቡቡ ቀለም ይቀይራል። ሰሜኑ ተከትሎ ይቀይራል። እንዲህ እያሉ ዓመታት ሄዱ።

በዚሁ ጊዜ የሰሜኑ መንግሥት ሃኖይ ላይ የራሱን ዓርማ አወጣ። ቡይ ትራንግ ቹክ የሚባል ሠዓሊ ነው የደከመበት። የብር ኖት የሚስል ሰው ነው። 112 ንድፍ ሠራ፤ ዛሬም ሃኖይ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ክቡ ቀይ ነው፤ በላዩ ቢጫ ኮከብ። ዙሪያውን የሩዝ ዛላ። ከታች በአንድ ንድፍ ላይ የአንጥረኛ መስፍ ነበረበት። ሆ ቺ ሚን መስፍ የእጅ ሥራ ነው፣ ፋብሪካን አያሳይም አለ ይባላል። በመስፉ ቦታ ግማሽ ማርሽ ገባ። ትራን ቫን ካን የሚባል ሌላ ታዋቂ ሠዓሊ አስተካክሎ ጨረሰው። ጃንዋሪ 1956 ላይ ታወጀ። ለብዙ ዓመት የሚነሳው የትራን ቫን ካን ስም ነበር። ቡይ ትራንግ ቹክ በ1992 ሲሞት ብዙ ሰው አያውቀውም። ገንዘብ የሚስል ሰው ስሙ አይጠራም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ቤተሰቦቹ ስሙ እንዲመለስ ብዙ ታግለዋል። ለእኔ ከዓርማው ይልቅ እነዚያ 112 ወረቀቶች ይበልጥ ይነግሩኛል። በደቡብ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ንጎ ዲን ዲየም ቀርከሃን ዓርማው አድርጎ ነበር። ቀርከሃ በነፋስ ይጎነበሳል፣ አይሰበርም ይላሉ።

ስለ ጦሩ ባንዲራም ትንሽ ልበል። የሰሜኑ ጦር ባንዲራ ያው ብሔራዊው ባንዲራ ነው። ልዩነቱ ከላይ በግራ በኩል «ኩየት ታንግ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ነው። ለማሸነፍ ቆርጠናል እንደማለት ነው። በኮፍያቸው ዓርማ ላይ ኮከቡን የሩዝ ዛላ ይከበዋል። አየር ኃይሉ ሰማያዊ መደብ፣ የድንበር ጠባቂው አረንጓዴ መደብ አለው። የደቡቡ ጦር መፈክር «አገር፣ ክብር፣ ኃላፊነት» ነበር። ዲየን ቢየን ፉ ላይ በፈረንሳዩ አዛዥ ምሽግ ጣሪያ ላይ ባንዲራ ሲውለበለብ የሚያሳየውን ትዕይንት ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። ምሽጉ የተያዘው ሜይ 7 ቀን 1954 ነው። የሶቭየቱ ፊልም ሠሪ ሮማን ካርመን ከውጊያው በኋላ መጥቶ እንዲህ ያሉትን ትዕይንቶች ከወታደሮቹ ጋር ዳግም ቀረጻቸው።

ወደ ሁዌ ማማ ልመልሳችሁ። በ1947 በጦርነቱ ምሰሶው ተሰብሮ በ1948 በኮንክሪት ተሠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሰቀልበት ባለ ሦስት መስመሩ ቢጫ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1968፣ ቴት በሚባለው የቬትናሞች አዲስ ዓመት በዓል ሰሞን፣ ከተማዋ በሰሜኑ ወገን ጦር ተወረረች። ጠዋት ላይ ሕዝቡ ቀና ሲል ማማው ላይ ያለው ቢጫ አይደለም። ቀይና ሰማያዊ፣ ቢጫ ኮከብ ያለበት ሆኗል። ሃያ አምስት ቀን ቆየ። በእነዚያ ቀናት ከተማዋ ቤት ለቤት ተዋጋች። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሲቪሎች ተገድለው በጅምላ መቃብር ተገኙ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን የደቡብ ወታደሮች ማማውን አስመልሰው ቢጫውን ሰቀሉ። በማርች 1975 መጨረሻ ደግሞ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አንድ ምሰሶ ይህን ሁሉ ተሸከመ።

ቀይና ሰማያዊው በ1960 የተቋቋመው፣ ከሰሜኑ ጎን ሆኖ የደቡቡን መንግሥት የሚወጋው የደቡብ ነፃ አውጪ ግንባር ባንዲራ ነው። ከላይ ቀይ፣ ከታች ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ያው ኮከብ። ብዙዎች ቀዩ ነፃ የወጣው ሰሜን፣ ሰማያዊው ገና ያልወጣው ደቡብ ነው ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ባንዲራ ዛሬ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 በደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን፣ ቤተ መንግሥቱ ላይ የተሰቀለው ሙሉ ቀዩ ሳይሆን እሱ ነበር። የሰሜኑ ጦር ታንክ ቁጥር 843 የጎን በር ላይ ተጣበቀ። 390 ቁጥር ታንክ ዋናውን በር ሰብሮ ገባ። የ843 አዛዥ ቡይ ኩዋንግ ታን ባንዲራውን ከታንኩ አንቴና ላይ ፈትቶ እየሮጠ ጣሪያው ላይ ወጣ። ቢጫውን አወረደ። የራሱን ከመስቀሉ በፊት በጥጉ ላይ በእስክሪብቶ ሰዓቱን፣ ቀኑንና ስሙን ጻፈ። 11፡30 (በፈረንጅ ሰዓት)፣ ኤፕሪል 30፣ ታን። በዓመቱ፣ በጁላይ 1976፣ አገሩ ሲዋሃድ ቀይና ሰማያዊው ተነሳ። ሙሉ ቀዩ የሁሉም ሆነ። በዓርማው ጥብጣብ ላይ ያለው የአገሩ ስምም ተቀየረ።

በዚያው ኤፕሪልና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አገራቸውን ለቀው ወጡ። ብዙዎቹ በጀልባ ነው። ባሕር የበላቸው አሉ። የወጡት ቢጫውን ይዘው ወጡ። ለሃኖይ ኤፕሪል 30 የድል በዓል ነው። ለእነሱ «ጥቁር ኤፕሪል» ነው። በ1999 ካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ የሆ ቺ ሚንን ፎቶና ቀዩን ባንዲራ ሱቁ ውስጥ ሰቀለ። ሕዝቡ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ 53 ቀን ተቃወመ። በ2003 ሉዊዚያና ቢጫውን በሕግ ያወቀች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ካሊፎርኒያ በ2006 ተከተለች። ስያሜው «የቅርስና የነፃነት ባንዲራ» ነው። የመንግሥት ባንዲራ አይሉትም፤ መንግሥቱ የለምና። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካፒቶል ላይ በተነሳው ረብሻ መሃልም ታይቷል። በዚያ ሳምንት ብዙ ወጣት ቬትናም አሜሪካውያን ይህ የወላጆቻችን የስደት ባንዲራ ነው፣ እዚያ ምን ያደርጋል ብለው ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተከራክረዋል።

ኤደን ሴንተር ስትሄዱ ከአዛውንቶቹ ጋር ብታወሩ ደስ ይላቸዋል። አንድ ምክር ግን ልስጣችሁ። ቀዩን ባንዲራ በስልካችሁ አውጥታችሁ «ይሄ አይደለም እንዴ የእናንተ?» አትበሉ። ሃኖይ ስትሄዱ ደግሞ ባለ ሦስት መስመሩን ቲሸርት አትልበሱ። በሁለቱም ቦታ ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ቬትናም የመሄድ ዕድል የሚገጥማችሁ ካላችሁ ከሁዌ ወደ ሰሜን ወጣ በሉና ሂየን ሉኦንግን እዩት። ድልድዩ እንደ ድሮው ተሠርቶ ቆሟል። ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ተቀብቷል። መሃሉ ላይ ነጯ መስመር አለች። በሰሜኑ ዳርቻ ትልቁ ምሰሶ ቆሟል፣ ቀዩ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። በደቡቡ ዳርቻ ደግሞ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ አንዲት እናትና ልጅ ናቸው። ወንዙን አሻግረው ወደ ሰሜን ያያሉ። የሚጠብቁት ሰው እዚያ ማዶ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።